በከተማ ዳር ሚኒማርኬት ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው፦ የሥራ ሰዓትን፣ የሒሳብ ርክክብንና የራስን ሕይወት ስለመጠበቅ

በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በጀሞና በመሳሰሉት የአዲስ አበባ ዳርቻ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች፣ በሕንፃዎቹ ምድር ወለል ላይ ሚኒማርኬት ያልተከፈተበት መንደር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እነዚህ ሱቆች ዳቦና ወተት ለመሸጥ ማለዳ ይከፈታሉ፤ መሀል ከተማ ሲሠራ ውሎ በታክሲና በአውቶቡስ ሰልፍ ምክንያት ዘግይቶ የሚገባውን ነዋሪ ለማስተናገድ ደግሞ አምሽተው ይዘጋሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም ቀን የሚሸፈነው በአብዛኛው በሁለት ወይም በሦስት ወጣቶች ጉልበት ነው።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ባለ ሱቅ በካሸርነት፣ በሽያጭ ወይም ዕቃ በመደርደር ሥራ ለሚቀጠር ሰው የተዘጋጀ ነው። ሥራው ሰፈሩ ያለ እርሱ አንድ ቀን የማይውልበት ሥራ ነው። ነገር ግን ሠራተኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ጤናውን ጎድቶ፣ ትምህርቱን አቋርጦና ከወዳጅ ዘመድ ተለያይቶ የሚወጣበት ሥራም ሊሆን ይችላል። በዚህ ሥራ ውስጥ ካየሁት ተነሥቼ የምለው፣ ልዩነቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ሥራው ሲጀመር በግልጽ የተነገረውና በወረቀት የሰፈረው ነገር ነው፤ ደግ አሠሪም ቢሆን ያልተጻፈውን ይረሳል።

ከመቀጠር በፊት መነጋገር የሚገባው

ብዙ ሰው ወደዚህ ሥራ የሚገባው በሰው በኩል ነው። አንድ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ «እዚያ ሱቅ ሰው ይፈልጋሉ» ይላል፤ ባለቤቱ መታወቂያና ተያዥ ይጠይቃል፤ ደመወዙ ይነገራል፤ በማግስቱ ሥራ ይጀመራል። በሰው በኩል መቀጠር መልካም ጎን አለው፤ አስተዋዋቂው ለሁለቱም ወገን እማኝ ይሆናል። ችግሩ በይሉኝታ ምክንያት መጠየቅ የሚገባው ነገር ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ደመወዙ ከተነገረዎት በኋላ፣ እሺ ከማለትዎ በፊት፣ ሱቁ በስንት ሰዓት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ፣ የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን እንደሆነ፣ ስንት ሠራተኛ እንዳለ፣ የዕረፍት ቀንዎ የትኛው እንደሆነ፣ ሒሳብ ቢጎድል እንዴት እንደሚታይና ምሳ በማን እንደሆነ በአክብሮት ይጠይቁ። እነዚህን ጥያቄዎች በመስማቱ ቅር የሚለው አሠሪ፣ ከቅጥር በኋላ የሚነሡትን እንዴት እንደሚቀበል አስቀድሞ አሳይቷል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራውንም ሰው ይመለከታል፤ ሱቁ ትንሽ መሆኑ ወይም ሠራተኛው አንድ ብቻ መሆኑ ከአዋጁ ጥበቃ አያስወጣውም። የሥራ ውል በቃልም ሊደረግ ይችላል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ግን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል። ባለቤቱ ጊዜ ካጣ ግማሽ ገጽ የምትሆን ወረቀት በራስዎ አርቅቀው፣ የሥራውን ዓይነት፣ የተጀመረበትን ቀን፣ ደመወዙን፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱን እንዲሁም የዕረፍት ቀኑን ጽፈው እንዲፈርምበት ቢጠይቁት ነውር የለውም። የተፈረመውን ወረቀት በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ሱቁ ውስጥ በማይቀመጥ ቦታ ያኑሩት።

የሙከራ ጊዜ የሚባለውም በጽሑፍ መስፈር ያለበት ነገር ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ሙከራውን እንደጨረሰ ሠራተኛ ሁሉ በሠራበት ሰዓት ልክ ይከፈለዋል፤ «ገና ሙከራ ላይ ነህ» የሚለው አነጋገር የትርፍ ሰዓትን ክፍያ አያስቀርም። በአንዳንድ ሱቅ ደግሞ ቁልፍ የሚይዘውን ሠራተኛ «ማናጀር» ብሎ መጥራትና በዚህ ስም የትርፍ ሰዓት እንደማይመለከተው መንገር የተለመደ ነው። አዋጁ ከሽፋኑ ውጭ የሚያደርገው የሥራ መሪን ነው፤ የሥራ መሪ ደግሞ የድርጅቱን አሠራር የሚወስን፣ ሠራተኛ የሚቀጥር፣ የሚያዛውር ወይም የሚያሰናብት ሥልጣን ያለው ሰው እንጂ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው አይደለም።

ስለ ጡረታም በዚሁ ወቅት መጠየቅ ይገባል። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ መሠረት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቀነሳል፣ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። ወጣት ሠራተኛ 7 በመቶው ሲቀነስበት ቅር ይለዋል፤ ይሁን እንጂ ሳይመዘገብ የሚሠራ ሰው የሚያጣው በስሙ የሚገባለትን 11 በመቶ ጭምር ነው። የተቀነሰው ገንዘብ በእርግጥ ገቢ መደረጉን አልፎ አልፎ ማረጋገጥ የሠራተኛው ፋንታ ነው።

ሰዓቱን መቁጠር

ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ የደመወዙ መጠን በድርድር ያድራል። በዚህ ምክንያት ሁለት ሱቆችን ሲያወዳድሩ የወር ደመወዛቸውን ብቻ ማየት ያሳስታል፤ ደመወዙ ለስንት ሰዓት ሥራ እንደሚከፈል መታየት አለበት።

መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ተወስኗል። የትርፍ ሰዓት ክፍያው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው።

ለስሌት እንዲመች የወር ደመወዝዎ 6,240 ብር ነው እንበል። በወር 26 የሥራ ቀን በ8 ሰዓት ሲባዛ 208 ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ የአንድ ሰዓት ክፍያዎ 30 ብር፣ የቀን ትርፍ ሰዓትዎ 45 ብር ነው። አሁን በሰፈሩ እንደተለመደው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራሉ እንበል። ይህ በሳምንት 72 ሰዓት ነው፤ ከ48 የሚተርፈው 24 ሰዓት ሕጉ ከሚፈቅደው ትርፍ ሰዓት እጥፍ ነው። ክፍያው ቢሰላ በሳምንት 1,080 ብር፣ በአራት ሳምንት 4,320 ብር ይደርሳል። ይህ ከደመወዝዎ ሁለት ሦስተኛ በላይ ስለሆነ፣ በባዶ የሚሠራው ሰዓት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል። ክፍያው ቢፈጸም እንኳ የሳምንቱን የ12 ሰዓት ገደብ ማለፉ ሕጋዊ አያደርገውም።

«ምሳ የበላህበት ሰዓት ይቀነሳል» የሚል ክርክር ሲነሣ አንድ ነገር ይታይ። አዋጁ የሥራ ሰዓት የሚለው ሠራተኛው ሥራውን የሚያከናውንበትን ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ጊዜ ነው። ሱቁን ለቅቆ ወጥቶ ለአንድ ሰዓት ያረፈ ሰው ያንን ሰዓት ባይቆጥር ፍትሐዊ ነው። ከመደርደሪያው ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ምሳ ዕቃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር እጁን እየጠረገ የሚነሣ ሰው ግን ሥራ ላይ ነው።

እነዚህን ሁሉ ለማስረዳት ማስታወሻ ያስፈልጋል። ትንሽ ደብተር ይግዙና በየቀኑ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት፣ በምሽት ከዘጉም በር የተዘጋበትን ሰዓት ይጻፉ፤ ከተዘጋ በኋላ ወለል የጠረጉበትና ሒሳብ የሠሩበት ጊዜም ይቆጠራል። በአንድ ጊዜ ተቀምጦ የተጻፈ የሦስት ወር ማስታወሻ ክብደት ስለማይኖረው፣ በየዕለቱ መጻፉ ትርጉም አለው።

የዕረፍት ቀን የሚባለው ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ሲሆን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ተከታዩ ቀን ንጋት 12 ሰዓት ያለውን ጊዜ የያዘ መሆን አለበት። እሑድ እስከ ቀትር ሠርቶ ከሰዓት በኋላ መውጣት ዕረፍት ቀን አይባልም።

ስለ ሠራተኛ ብዛት ለባለቤቶች ጭምር የማስረዳው ሒሳብ አለ። ከጠዋቱ 12:30 ተከፍቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚዘጋ ሱቅ በቀን 14 ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት 101 ሰዓት ተኩል ክፍት ነው። ሁለት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 48 ሰዓት ቢሠሩ 96 ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ ሱቁ ውስጥ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ቢቆም እንኳ አይበቃም። ስለዚህ በሁለት ሰው የሚሠራ ሱቅ ወይ ባለቤቱ ራሱ ይገባበታል፣ ወይ ሠራተኞቹ ከሕጉ በላይ ይሠራሉ። በሦስት ሠራተኛ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ ከጠዋቱ 12:30 እስከ ቀኑ 8:30፣ ሌላው ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቢገቡ በሳምንት 14 ፈረቃ ያስፈልጋል፤ ሦስቱ በስድስት የሥራ ቀን 18 ፈረቃ ይሠራሉ፤ የሚተርፉት አራት ፈረቃዎች ቅዳሜና በዓል ዋዜማን ለመሳሰሉ ገበያ የሚደራባቸው ቀናት ይደረጋሉ። ሁሉም የሙሉ ቀን ዕረፍት ያገኛሉ። ይህን በወረቀት ሠርቶ ለባለቤቱ ማሳየት «ደከመኝ» ብሎ ከማማረር የተሻለ ሰሚ ያገኛል፤ ባለሱቅ ሒሳብ ያምናል።

የፈረቃ ሠንጠረዥ ሲወጣ ማምሻውን የዘጋ ሰው በማግስቱ ማለዳ እንዳይከፍት ይጠይቁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ዘግቶ፣ ጠርጎ፣ ሒሳብ አስረክቦና ትራንስፖርት ጠብቆ ቤቱ የሚገባ ሰው 12:30 ለመክፈት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መነሣት ይኖርበታል። ከዚህ የሚመጣው የእንቅልፍ ማጣት ቀጥሎ የምንነጋገርበትን የሒሳብ ጉድለት ያስከትላል።

የሒሳብ ርክክብ

ሠራተኛና አሠሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣሉት በጉድለት ነው። በወር መጨረሻ ቆጠራ ይደረጋል፣ ዕቃና ገንዘብ አይገጥምም፣ የጎደለው በሠራተኞች ላይ ይካፈላል። ማን እንዳጎደለ ስላልታወቀ ያላጠፋውም ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ በሠራተኞቹ መካከል ያለው መተማመን ይበላሻል። ይህን የሚያስቀረው በእያንዳንዱ ፈረቃ መጨረሻ የሚደረግ ርክክብ ነው።

ርክክቡ ደንበኛ ሲቀንስ፣ ተረካቢውና አስረካቢው ጎን ለጎን ቆመው የሚያደርጉት ይሁን። በመጀመሪያ ለመልስ የተቀመጠው መነሻ ብር ተለይቶ ይቆጠራል። ቀጥሎ ባለ 200፣ ባለ 100፣ ባለ 50፣ ባለ 10 እና ባለ 5 ብር እየተለየ፣ ሳንቲሙም ለብቻው፣ ይቆጠርና በደብተሩ ላይ በየመስመሩ ይጻፋል። ከዚያም በቴሌብርና በባንክ የተከፈለው ይደመራል፤ ድምሩ ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ንባብ ጋር ይመሳከራል። የመሣሪያው ዜድ ሪፖርት፣ ማለትም የዕለቱን ሽያጭ የሚያጠቃልለው ወረቀት፣ የሚወጣው በቀኑ መዝጊያ ስለሆነ፣ በቀን መካከል የሚለዋወጡ ሠራተኞች የዕለቱን እስከዚያ ሰዓት ያለ ሽያጭ የሚያሳየውን ንባብ አውጥተው በደብተሩ ላይ ይለጥፉት። ልዩነት ካለ መጠኑ በግልጽ ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙ። ይህ ሲለመድ አሥር ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ተረካቢው ቸኩሎ «እሺ፣ አምንሃለሁ» ቢልዎት እንኳ ሳያስቆጥሩት አይውጡ፤ መተማመኑ ጸንቶ የሚቆየው በመቁጠር ነው።

በሞባይል የሚፈጸም ክፍያ ብዙ ሠራተኛ የሚጎዳበት ነገር ሆኗል። ደንበኛው ገንዘቡን እንዳስተላለፈ የሚገልጽ መልእክት በራሱ ስልክ ላይ ያሳያል፤ መልእክቱ የተሠራ ሐሰተኛ ወይም የትናንት ሊሆን ይችላል። ክፍያ መፈጸሙ የሚታወቀው በሱቁ ሒሳብ ላይ ሲገባ ነውና፣ የገቢው መልእክት የሚደርሰው በባለቤቱ ስልክ ብቻ ከሆነ ሱቁ ውስጥ የሚቀመጥ ስልክም እንዲያገኘው፣ ያ ካልሆነም ደውሎ የሚያረጋግጥበት ሥርዓት እንዲኖር ከመጀመሪያው ይስማሙ። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግም አስቀድሞ ይወሰን።

ሌላው ዱቤ ነው። በኮንዶሚኒየም ሰፈር ሁሉም ጎረቤት ነው፤ «ለልጁ ወተት ስጠኝ፣ ማታ እከፍላለሁ» የሚል ሰው በየቀኑ አለ፤ መከልከልም ያስጨንቃል። ባለቤቱ ዱቤ የሚፈቅድ ከሆነ ለማንና እስከ ስንት ብር እንደሚፈቅድ በሱቁ የዱቤ መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ በወረቀት ጽፎ በግድግዳው ላይ እንዲለጥፍልዎ ይጠይቁ፣ እምቢታው የእርስዎ እንዳይመስል ይረዳዎታልና። በራስ ፈቃድ የተሰጠ ዱቤ በቆጠራ ቀን የራስ ጉድለት ይሆናል።

መብራት ሲጠፋ የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ይመዝግቡ፤ የተበላሸው ወተትና እርጎ በእርስዎ ቸልተኝነት አለመሆኑን የሚያስረዳው ይህ ነው። የአገልግሎት ጊዜያቸው ያለፈና የተሰበሩ ዕቃዎችም ባለቤቱ አይቶ ፈርሞባቸው ከመደርደሪያ ይውጡ እንጂ ዝም ብለው አይጣሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጉድለት ቢገኝስ? አሠሪው ከደመወዝ መቀነስ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲሆን ብቻ ነው፤ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ደመወዝን እንዳለ ይዞ «ለጉድለቱ ይሁን» ማለት አይፈቀድም። የጉድለቱን መጠን ሳያዩና ሳያመሳክሩ በምንም ወረቀት ላይ አይፈርሙ፤ ባዶ ቦታ ባለው ወረቀት ላይ ደግሞ በፍጹም።

ካሸር ሲቀጠር የሚጠየቀው ተያዥም በዚህ ጉዳይ ውስጥ ይገባል። ተያዥ የሚሆንልዎት ሰው የሚፈርመው የዋስትና ውል ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ደግሞ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ መጠኑ በቁጥርና በፊደል እንዲጻፍ ያድርጉ። ይህ አሠሪውንም ይጠቅማል፤ እርስዎን ያመነ አጎትና አክስት ደግሞ ለማያውቁት ዕዳ እንዳይዳረጉ ይጠብቃል።

ሰውነትና መንገድ

ቀኑን ሙሉ መቆም እግርንና ወገብን ይጎዳል፤ ከካሽ መመዝገቢያው ኋላ ከፍ ያለ መቀመጫ እንዲቀመጥ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። የግማሽ ኩንታል ዱቄትና ስኳር፣ የውኃ እሽግና የዘይት ካርቶን ሲመጣ ከባዱን ለሁለት ማንሣት፣ ከተቻለም በጋሪ ማንቀሳቀስ ይገባል። ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ እንዲህ ያለው ሸክም አይሰጥም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም ሆነ ትርፍ ሰዓት ማሠራት በሕግ ተከልክሏል።

ከሥራው ይልቅ መንገዱ የሚያደክመው ሠራተኛ ብዙ ነው። ለገጣፎ እያደሩ ሰሚት መሥራት፣ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ማለዳ ቦሌ መድረስ በደመወዙ ላይ የማይታይ ወጪና ሰዓት አለው። በምሽት ታክሲ ሲጠፋ በኮንትራት የሚሄዱ ከሆነ የወሩን ድምር ያስሉትና ከደመወዝዎ ላይ ይቀንሱት፤ በእግር የሚደረስበት ሱቅ በጥቂት መቶ ብር ቢያንስ እንኳ ብዙ ጊዜ ይሻላል የሚል እምነት አለኝ። መሸት ብሎ የሚዘጋ ሱቅ ባለቤት የምሽት ትራንስፖርትን እንዲሸፍን መጠየቅም ተገቢ ነው። ማርፈድ በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም፤ በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ለስምንት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል።

ከገጠር የመጡ ወጣቶች ሱቁ ውስጥ እንዲያድሩ ይደረጋል። የቤት ኪራይ መቆጠቡ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ሱቅ ውስጥ የሚያድር ሰው ሳያውቀው ዘበኛም ይሆናል፤ ሌሊት ዕቃ የሚያራግፈው፣ በር ሲንኳኳ የሚነሣው እርሱ ነው። ማደሪያው የደመወዝ ክፍል መሆን አለመሆኑ፣ የሌሊት ጥበቃ ለብቻው መከፈል አለመከፈሉ ይነገር። ሌሊት ዕቃ ሲራገፍ ደግሞ ሰዓቱን በዚያችው ደብተር ላይ ይጻፉ።

በምሽት ብቻዋን ለምትዘጋ ሴት አንድ ተጨማሪ ነገር መባል አለበት። ወሲባዊ ትንኮሳ ከአሠሪውም ሆነ ከሥራ መሪው ሲመጣ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን እንድትለቅ በቂ ምክንያት እንደሆነ አዋጁ ይደነግጋል፤ የተፈጸመውን በቀኑ መጻፍና ለሚታመን ሰው ወዲያውኑ መንገር ያስፈልጋል።

ትምህርት፣ በዓልና ለቅሶ

የማታ ተማሪ ከሆኑ በመጀመሪያው ቀን ይናገሩና የጠዋት ፈረቃ ላይ ይመደቡ፤ የፈተና ሳምንት ሲደርስ ደግሞ ቀደም ብለው ከባልደረባዎ ጋር ይቀያየሩና ቅያሬውን ለባለቤቱ በመልእክት ያሳውቁ። በቃል የተደረገ ቅያሬ በማግስቱ መቅረት ተብሎ ሊቆጠር ይችላል።

በዓል የሱቅ ሠራተኛ ከቤተሰቡ የሚለይበት ቀን ሆኖ ቆይቷል። በሕዝብ በዓል በመደበኛ የሥራ ሰዓቱ የሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ ይከፈለዋል፤ ከላይ የተጠቀሰው ሁለት ተኩል እጥፍ ለበዓል ትርፍ ሰዓት ነው። ከገንዘቡ በላይ ግን ጥሩ የሚሠራ ዘዴ አለ፤ በአንድ ሱቅ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ሠራተኞች ሲኖሩ በፋሲካና በገና ሙስሊሞቹ ይገባሉ፣ በኢድና በአረፋ ክርስቲያኖቹ ይተካሉ። ይህ በብዙ ሱቅ ያለ ማንም አዛዥነት የሚደረግ ነገር ነው፤ ሠንጠረዡ ላይ ከወር በፊት ቢሰፍር ደግሞ ባለቤቱም ይተማመንበታል። በጾም ወቅት የሚያስቀድስ፣ ዓርብ ጁምዓ የሚሰግድ ባልደረባም ሰዓቱ አስቀድሞ ከታወቀ ሱቁ አይጎዳም።

ለቅሶ ግን ሰዓት አይሰጥም። የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቀዳል፤ ቀብሩ አገር ቤት ከሆነና ቀኑ ካልበቃ፣ ለከባድ ጉዳይ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል። ለሚያገባ ሠራተኛም እንዲሁ 3 የሥራ ቀን አለው፤ ሚስቱ ለወለደችለት አባትም 3 ቀን ይሰጠዋል። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው።

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ሥራ ላይ ባለ ሰው ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥ አይፈቀድም፤ በሱቅ ሥራ ውስጥ ግን «ገንዘቡን ውሰድና ሥራ» ማለት የተለመደ ነው። እኔ ዕረፍቱን እንዲወስዱ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ገንዘቡ በአንድ ወር ያልቃል፣ የተጠራቀመው ድካም ግን አይለቅም። ሲታመሙ በማግስቱ ለአሠሪው ያሳውቁ፣ የሕክምና ማስረጃም ይያዙ፤ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለተከታዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ይከፈለዋል።

ሳይግባቡ ሲቀር

መጀመሪያ ከባለቤቱ ጋር ገበያ በሌለበት ሰዓት፣ ደንበኛ በሌለበት፣ ደብተሩን ይዞ መነጋገር ነው። ያስተዋወቀ ሰው ካለ እርሱን በሽምግልና ማስገባት ብዙ ጊዜ ውጤት ያመጣል። ይህ ካልሆነ ጉዳዩ ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። እዚህ ላይ በዳርቻው የሚሠራ ሰው ሱቁ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ ማወቅ አለበት፤ አዲስ አበባ ክልል ውስጥ ከሆነ በክፍለ ከተማው ወዳለው ጽሕፈት ቤት፣ በለገጣፎ፣ በሰበታ ወይም በቡራዩ በኩል ከሆነ ደግሞ በሸገር ከተማ ሥር ወዳለው ይሄዳል። አዋጁ ለሁለቱም አንድ ነው።

ለመልቀቅ ከወሰኑ የሙከራ ጊዜዎን ጨርሰው ከሆነ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡ፤ ሳያስጠነቅቁ መቅረት በአንጻሩ እርስዎን ካሣ ሊያስከፍልዎ ይችላል። በመጨረሻው ቀን ሙሉ ቆጠራ ተደርጎ፣ ቁልፍና ሒሳብ መረከባቸውን ተፈርሞልዎ ይውጡ። ቀሪ ክፍያዎ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሊከፈልዎ ይገባል። የሥራ ልምድ ማስረጃም አሠሪው ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ሥራውን፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ መሆን አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት የሚጠየቀው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ ከዚያ ካለፈ በይርጋ ይቀራል። ከሥራ የተባረረና ወደ ሥራው ለመመለስ የሚፈልግ ሰው ጥያቄውን ማቅረብ ያለበት በሦስት ወር ውስጥ ነው። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ሲሄዱ የተፈረመውን የውል ወረቀት፣ የሰዓት ደብተርዎንና የርክክብ ገጾቹን ፎቶ ይዘው ይሂዱ።